ሁለተኛ ቤዝ ላይ ለምትቆሚው፦ ኳሷ ሳትመጣ ወስኚ

ሶፍትቦልን ባሕር ዳር ውስጥ ገና ብዙ ሰው አያውቀውም። ባት፣ የመምቻውን ዱላ፣ ይዘን ወደ ሜዳ ስንሄድ የባጃጅ ሾፌሩ ሳይቀር ፍጥነት ቀንሶ "ይሄ ደግሞ የምን ጨዋታ ነው?" ይለናል። እናስረዳለን፦ አንዷ ትወረውራለች፣ ሌላዋ በባት መትታ አራት ማዕዘን ሠርተው የተቀመጡትን ቤዞች እየረገጠች ትሮጣለች፣ ሜዳ ላይ ያሉት ኳሷን ይዘው ሊያስወጧት ይሞክራሉ፣ መውጣቷም አውት ይባላል። ቆሞ የሚያይም አለ።

አዲስ የምትመጣ ልጅ ግን ሁሌም ፒቸር፣ ኳሷን ለመቺዋ የምትወረውረው፣ መሆን ነው የምትፈልገው። ክንድን እንደ ወንጭፍ አሽከርክሮ ከታች መወርወሩ ያምራታል። እሱ ካልሆነ ሾርትስቶፕ፣ በሁለተኛና በሶስተኛ ቤዝ መሀል የምትቆመው። "ሁለተኛ ቤዝ ቁሚ" ስትባል ፊቷ ይቀየራል፣ ክንዷ ደካማ ነው ተብላ የተገፋች ይመስላታል። ይሄን የምጽፈው ለዚያች ልጅ ነው። አንቺ የቆምሽበት ቦታ ከሜዳው ሁሉ ብዙ ማሰብ የሚጠይቀው ነው። አንድ ኳስ በተመታ ቁጥር የምትሄጂበት ቦታ አለሽ፣ ኳሷ ወደ አንቺ ባትመጣም እንኳን። ጠንካራ ክንድ ቢኖርሽ ጥሩ ነው፣ ባይኖርሽም ትችያለሽ። ፈጣን እግርና ቀድሞ የወሰነ ጭንቅላት ግን የግድ ነው።

ሜዳውን በገመድ ለኪው

በእርምጃ አትገምቺ። በሶፍትቦል ከቤዝ ቤዝ 18 ሜትር ከ29 ሳንቲም ነው። ከሆም፣ መቺዋ ከምትቆምበት፣ እስከ ሁለተኛ ቤዝ በሰያፍ 25 ሜትር ከ86። ፒቸሯ ደግሞ ከሆም 13 ሜትር ከ11 ላይ ትቆማለች። ሁለት ገመድ ቁረጡ፣ አንዱ 18.29 አንዱ 25.86። ረጅሙን ከሆም ወደ ሁለተኛ ቤዝ ዘርጉት። ከዚያ አጭሩን አንዴ ከሆም አንዴ ከሁለተኛ ቤዝ ስትዘረጉት የሚገናኝበት ነጥብ በቀኝ አንደኛ ቤዝ፣ በግራ ሶስተኛ ቤዝ ይሆናል። እኛ ቤዝ የምናደርገው አሸዋ የሞላንበትን ማዳበሪያ ነው፣ አፉን ሰፍተን ጠፍጠፍ አድርገን።

ይሄን ሁሉ የምለው ርቀቱ ሩጫውን ስለሚወስነው ነው። ፈጣን የሆነች መቺ ኳሷን መታ አንደኛ ቤዝ ለመድረስ 3 ሰከንድ ላይሞላባት ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንቺ ኳሷን መድረስ፣ መያዝ፣ ከጓንት ማውጣትና መወርወር አለብሽ። በተሳሳተ ሜዳ ላይ ከተለማመድሽ እግርሽ የተሳሳተ ሰዓት ይለምዳል።

ኳሷ ስሟ ለስላሳ ይምሰል እንጂ ለስላሳ አይደለችም። ዙሪያዋ 30 ሳንቲም ተኩል ነው፣ ከትልቅ ብርቱካን ከፍ ትላለች፣ ክብደቷም ከ178 እስከ 198 ግራም ነው። ጥርስ ላይ ብታርፍ ታወልቃለች። ስለዚህ ጠጠሩን መልቀም የልምምዱ ክፍል ነው። የኛ አፈር መረሬ ነው፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ ኳሷ ስንጥቁ ጫፍ ላይ ስትደርስ ሳታስቢው ወደ ፊትሽ ትዘላለች። ሁሉም ሰው አሥር ደቂቃ ጎንበስ ብሎ ይልቀም፣ ስንጥቁም በአፈር ይደፈን።

የት ትቆሚያለሽ?

ከሁለተኛ ቤዝ ወደ አንደኛው ስድስት ሰባት እርምጃ ሂጂ፣ ከዚያ ቤዞቹን ከሚያገናኘው መስመር ሦስት አራት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሺ። መነሻሽ ይሄ ነው። መነሻ ነው ያልኩት፣ ምክንያቱም በየመቺዋ ትቀያይሪዋለሽ።

አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ካለችና ሁለት አውት ካልሞላ፣ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ፊትና ወደ ሁለተኛ ቤዝ ጠጋ በይ። ደብል ፕሌይ፣ በአንድ ምት ሁለት አውት፣ ሊኖር ነውና በጊዜ ቤዙ ላይ መድረስ አለብሽ። በግራ እጇ የምትመታ፣ ያውም እየሮጠች ኳሷን ነካ አድርጋ የምታልፍ መቺ ከመጣች ደግሞ ወደ ፊትና ወደ አንደኛ ቤዝ ተጠጊ። የዚያች ዓይነቷ መቺ ስላፐር ትባላለች። ኃይል የላትም ብለሽ እንዳትንቂያት፣ መሳሪያዋ እግሯ ነው። ሶስተኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ካለችና አንዲት ነጥብ ጨዋታውን የምትወስን ከሆነ ሁላችሁም ወደ ፊት ትገባላችሁ፣ ውርወራውም ወደ ሆም ነው።

የመቺዋን እግር እዪ። ፊተኛው እግሯ ከተከፈተ ኳሷን ወደ ራሷ ጎን ልትጎትት ነው፣ ከተዘጋ ወደ ተቃራኒው ልትገፋት ትችላለች። ሁልጊዜ ልክ አይሆንም። ግን ግማሽ እርምጃ ያተርፍልሻል፣ ግማሽ እርምጃ ደግሞ ለኛ ብዙ ነው።

ከውርወራው በፊት ያሉት አምስት ሰከንዶች

የዚህ ቦታ ሙያ እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ልጅ ሁለተኛ ቤዝ ላይ ነበረች። አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጭ አለች፣ አንድ አውት። ኳሷ ቀጥ ብላ ወደ እሷ መጣች። ጉልበቷን አጥፋ፣ ጓንቷን መሬት አስነክታ፣ እንዴት ያለ አያያዝ ያዘቻት መሰላችሁ! ቀና አለች። ወደ ሁለተኛ ቤዝ አየች። ወደ አንደኛ አየች። እንደገና ወደ ሁለተኛ። ኳሷ እጇ ላይ ነች፣ ክንዷ ተነስቷል፣ ግን አልወረወረችም። ሁለቱም ሯጮች ደረሱ። ልጅቷ አለቀሰች። እጇ ምንም ጥፋት አልነበረበትም፣ ጥያቄውን የጠየቀችው ኳሷን ከያዘች በኋላ መሆኑ ነው የጎዳት።

ስለዚህ ፒቸሯ ኳሷን ስትቀበል ጀምሮ ለራስሽ ድምፅ አውጥተሽ ንገሪው። ስንት አውት ነው? ሯጮቹ የት ናቸው? ቀጥታ ወደ እኔ ከመጣች የት እወረውራለሁ? ወደ ግራዬ ብትርቅስ? ቀስ ብላ ብትንከባለልስ? ወደ ሾርትስቶፕ ብትመታ እኔ የት እሮጣለሁ? መልሱን በሙሉ ቃል ተናገሪው፦ "አንድ አውት፣ ሯጭ አንደኛ ላይ፣ ወደ እኔ ከመጣች ሁለተኛ፣ ከራቀችኝ አንደኛ።" መጀመሪያ ያሳፍራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አፍሽ ሳይንቀሳቀስ ጭንቅላትሽ ይለዋል። ከዚያ ጣቶችሽን አንስተሽ የአውቱን ቁጥር ለጓደኞችሽ አሳዪያቸው፣ በተለይ ከኋላሽ ላለችው የቀኝ ሜዳ ተጫዋች። እሷ ሩቅ ናት፣ ብዙ ጊዜ የሚነግራት የለም።

ከሾርትስቶፕ ጋርም በየውርወራው ትነጋገራላችሁ። ሯጯ ብትሰርቅ፣ ማለትም ኳሷ ሳትመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ብትሮጥ፣ ቤዙን የሚይዘው ማን ነው? ጓንትሽን አፍሽ ላይ ሸፍነሽ በአፍሽ ቅርፅ ንገሪያት። አፍ የተከፈተ ከሆነ "አንቺ"፣ የተዘጋ ከሆነ "እኔ"። ተቃራኒዎቹ አያዩትም። እሷም አይታሽ ራሷን ትነቅንቅ። ካልነቀነቀች አላየችሽም ማለት ነው፣ ድገሚው።

አንድ ትንሽ ሥራ ደግሞ አለች፣ ሁሉም የሚረሳት። ሯጭ ቤዝ ላይ ካለች ካቸሯ፣ ከመቺዋ ጀርባ ሆና ኳሷን የምትቀበለው፣ ለፒቸሯ ስትመልስ አንቺና ሾርትስቶፗ ከፒቸሯ ጀርባ ጠጋ በሉ። ውርወራው ቢያመልጣት ሯጯ ትሄዳለች። በአንድ ጨዋታ መቶ ጊዜ ተጠግተሽ መቶውንም ጊዜ ምንም ላይፈጠር ይችላል። ተጠጊ።

መዘጋጃ አቋቋም

እግርሽ ከትከሻሽ ትንሽ ሰፋ ይበል። ጉልበት እጥፍ፣ መቀመጫ ዝቅ፣ ክብደትሽ የእግር መዳፍሽ ፊተኛው ክፍል ላይ። ፒቸሯ ክንዷን ስታሽከረክር አንድ ትንሽ እርምጃ ወደ ፊት ግቢ፣ ኳሷ መቺዋ ጋ ስትደርስ ሁለቱም እግሮችሽ ለስለስ ብለው መሬት ይንኩ። ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወቺ መስመር ሳትረግጪ የምታርፊበት አስተራረፍ አለ አይደል? እሱ ነው። ተረከዝሽ ላይ ቆመሽ ከጠበቅሽ መጀመሪያ ከተረከዝሽ መነሳት አለብሽ፣ እስከዚያ ኳሷ አልፋለች። በሰዓት 95 ኪሎ ሜትር የተወረወረች ኳስ መቺዋ ጋ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ትደርሳለች፣ ከተመታች በኋላ ደግሞ ከዚያ ልትፈጥን ትችላለች።

ጓንትሽ ክፍት ይሁን፣ ጉልበትሽ አካባቢ፣ መዳፉ ወደ ኳሷ። ጉልበትሽ ላይ እጅሽን ደግፈሽ አትጠብቂ።

መሬት ለመሬት የምትመጣዋን መያዝ

ወደ ኳሷ ሂጂ እንጂ አትጠብቂያት። ስትደርሺ ቀኝ እግር፣ ከዚያ ግራ እግር፣ ከዚያ መያዝ። ከዚያ እንደገና ቀኝ፣ ግራ፣ መወርወር። ይሄን "ቀኝ ግራ ያዝ፣ ቀኝ ግራ ወርውር" እያልሽ ያለ ኳስ ሃምሳ ጊዜ ሂጂው። ጭፈራ ይመስላል፣ ቆይቶ ግን እግርሽ ራሱ ያውቀዋል። በግራ እጅ የምትወረውሪ ከሆነ ይሄ ቦታ ይከብድሻል፣ ወደ አንደኛ ቤዝ ለመወርወር ሁሌ መዞር ይኖርብሻል። አይቻልም አልልም፣ ግን ሌላ ቦታም ሞክሪ።

ጓንቱ ከሰውነትሽ ራቅ ብሎ ከፊትሽ መሬት ይንካ። ከታች ወደ ላይ መምጣት ቀላል ነው፣ ከላይ ወደ ታች መውረድ ግን ሁሌም ይዘገያል። ቀኝ እጅሽ ከጓንቱ በላይ ክፍት ሆኖ ይጠብቅ፣ ኳሷ ስትገባ ይከድናታል፣ ብትዘልም ፊትሽን ይከላከልልሻል። አገጭ ወደ ታች። ዓይንሽ ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ስትገባ ይያት። ልጆች ኳሷ የምታመልጣቸው አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻዋ ቅጽበት ቀና ብለው ሯጯን ስለሚያዩ ነው። ሯጯ የትም አትሄድም፣ መሮጫ መስመሯ የታወቀ ነው።

ወደ ቀኝሽ ርቃ ከሄደች ለመዞር ጊዜ ከሌለሽ ጓንቱን ገልብጠሽ ያዢ፣ ቀኝ እግርሽን ተክለሽ ቁሚ፣ ከዚያ ወርውሪ። ወደ ግራሽ ርቃ ከሄደች መጀመሪያ ግራ እግርሽን ወደ ኋላ ከፍተሽ ሩጪ፣ ወደ ጎን እየተንሸራተትሽ አትከተያት። ከያዝሻት በኋላ አንደኛ ቤዝ ቅርብሽ ነው፣ በኃይል አትወርውሪ። አምስት ሜትር ላይ ያለች ጓደኛሽን በሙሉ ክንድ ብትመቻት አትይዘውም። ከታች አንስተሽ ደረቷ ላይ አስቀምጪላት።

ስለ መቸኮል አንድ ነገር። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይባላል፣ እዚህ ቦታ ላይ ቃል በቃል ነው የሚሆነው። ከሾርትስቶፕ ጋር ስትነጻጸሪ ወደ አንደኛ ቤዝ ያለሽ ውርወራ አጭር ነው። ኳሷ ብትወድቅብሽ እንኳን ደረትሽ ካቆማት አንስተሽ አውት የምታደርጊበት ጊዜ አለሽ። ስለዚህ ወድቃ ብታዪያት አትደንግጪ። በባዶ እጅሽ ወደ መሬት ጫን አድርገሽ አንሺያት፣ በጓንት አትፈልጊያት።

ከጓንት ወደ እጅ

ቅልብልቦሽ ተጫውተሻል? ጠጠሯን ወደ ላይ ጥለሽ፣ መሬት ያሉትን አንስተሽ፣ የወረደችውን የምትቀልቢበት እጅ፣ ያ እጅ ነው እዚህ የሚፈለገው። በልጅነቷ ቅልብልቦሽ የተጫወተችና ያልተጫወተች ልጅ እጃቸው ላይ ያስታውቃል፣ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ሁለቱን እጆችሽን እሆድሽ ፊት ለፊት አገናኚ፣ ኳሷን እዚያው ያዢ፣ አራቱ ጣቶችሽ ስፌቷን አግድም ይሻገሩ። ስፌቷን አቋርጠሽ ከያዝሻት ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ በስፌቱ አቅጣጫ ከያዝሻት ወደ ጎን ትዞራለች። ሳታዪ በጣትሽ ስፌቱን የምታገኚበትን ልምምድ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ መሥራት ትችያለሽ፣ ቡና እየተፈላ።

ደብል ፕሌይ

መጀመሪያ ምክንያቱን እንወቅ። አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ካለችና መቺዋ ኳሷን መሬት ለመሬት ከመታች፣ ሯጯ ቦታዋን ለመቺዋ መልቀቅ ግዴታዋ ነው። ስለዚህ እሷ ሳትደርስ ኳስ ይዞ ሁለተኛ ቤዝን የረገጠ ሰው አውት አደረጋት፣ ሰውነቷን መንካት አያስፈልግም። ከዚያ ኳሷ ወደ አንደኛ ቤዝ ከመቺዋ ቀድማ ከደረሰች ሁለት አውት በአንድ ምት። አንቺ በዚህ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥራ አለሽ፤ ወይ ታቀብያለሽ፣ ወይ ተቀብለሽ ትወረውሪያለሽ።

ኳሷ ወደ አንቺ ስትመጣ አቀባይ ነሽ፣ ቤዙን የምትይዘው ሾርትስቶፗ ናት። ለቤዙ ቅርብ ከሆንሽ፣ ሦስት አራት ሜትር፣ ከታች አቀብያት። ጓንትሽን ወዲያው ከኳሷ አርቂ፣ ጓደኛሽ ኳሷን ታያት። አንጓሽ አይታጠፍ፣ ክንድሽ ብቻ ወደ ደረቷ ይሂድ፣ እግርሽም አብሮ ወደ እሷ ይራመድ። ቆመሽ በእጅሽ ብቻ ከወረወርሽ ኳሷ ወደ ላይ ትንሳፈፋለች። ቀጥታ ወደ ቆምሽበት ከመጣች ደግሞ አትነሺ። እዚያው ዝቅ እንዳልሽ እግሮችሽን ወደ ቀኝ አዙሪ፣ ግራ ጉልበትሽ ወደ መሬት ይውረድ፣ ክርንሽን አጥፈሽ በአጭሩ ከጎን ወርውሪ። ወደ ግራሽ የራቀች ኳስ ከሆነች አብዛኛውን ጊዜ ደብል ፕሌዩን ተይው። አንደኛ ቤዝ ላይ የተረጋገጠውን አውት ውሰጂ።

የምታቀብዪው ደረት ላይ ነው። ቤዙ ላይ ሳይሆን ቤዙ ላይ ለምትደርሰው ልጅ ደረት። እሷ እየሮጠች ነው የምትመጣው፣ ኳሷና እሷ እኩል ይድረሱ።

ኳሷ ወደ ሾርትስቶፕ ወይም ወደ ሶስተኛ ቤዝ ስትመታ ግን ቤዙ ያንቺ ነው። ኳሷ ባቱን ስትነካ ሩጪ። ወደ ቤዙ ሁለት እርምጃ ሲቀርሽ ፍጥነትሽን ቀንሺ፣ ጉልበትሽን አጥፊ፣ ሁለት እጅሽን ደረትሽ ላይ ከፍተሽ አሳዪ። ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት፤ በሙሉ ፍጥነት ቤዙን ያልፉታል፣ ከዚያ ኳሷ ወደ ኋላቸው ትመጣለች። ግራ እግርሽ ቤዙን ይንካ፣ ፊትሽ ወደምትወረውርልሽ ልጅ ይሁን። ከተቀበልሽ በኋላ ምርጫሽ ሁለት ነው። ኳሷ ወደ ፊትሽ ከመጣች በቤዙ ላይ አልፈሽ ቀኝ እግርሽ ላይ አርፈሽ ወርውሪ። ሯጯ ተንሸራታ እየደረሰችብሽ ከሆነ ግን ቤዙን በግራ እግርሽ ገፍተሽ ወደ ኋላ ቀኝ እግርሽ ላይ ሂጂና ከዚያ ወርውሪ፣ እግርሽን ታተርፊያለሽ።

ውርወራው መጥፎ ከሆነስ? ያኔ ደብል ፕሌዩን እርሺው። እንደ አንደኛ ቤዝ ተጫዋች አንድ እግር ቤዙ ላይ አድርገሽ ተዘርጊና አንዱን አውት ያዢ። በአንድ ምት ሁለቱንም ፈልገሽ ሁለቱንም ከማጣት ይሻላል።

በቶኪዮው ኦሊምፒክ ፍጻሜ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ጃፓን አሜሪካን 2 ለ 0 ስታሸንፍ አንድ ምት ነበረች። ኳሷ የጃፓኗን ሶስተኛ ቤዝ ተጫዋች ክንድ ገጭታ ነጠረች፣ ሾርትስቶፗ ማና አጹሚ መሬት ሳትነካ በአየር ላይ ያዘቻት፣ ወዲያው ወደ ሁለተኛ ቤዝ ወረወረች፣ ደብል ፕሌይ ሆነ። ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ አያያዙ ነው፣ ይገባታልም። እኔ ግን ያንን ሳይ ሁሌ የማስበው ሁለተኛ ቤዝ ላይ ውርወራውን ስለተቀበሉት እጆች ነው። ማንም ኳሷ ወደዚያ ትነጥራለች ብሎ አልጠበቀም። ቤዙ ላይ ግን ሰው ነበር።

በንት ሲመጣ

መቺዋ ባቷን ሳታወዛውዝ ኳሷን ለስለስ አድርጋ ፊቷ ላይ ስታሳርፋት በንት ይባላል። አንደኛ ቤዟ ኳሷን ለማንሳት ወደ ፊት ትሮጣለች። ቤዙ ባዶ ቀረ። የሚሞላው አንቺ ነሽ። መቺዋ ባቷን አግድም ስታደርግ ካየሽ አንድ እርምጃ ወደ አንደኛ ቤዝ ጀምሪ፣ ኳሷ ስትነካ ሙሉ ሩጫ። ቀድመሽ ደርሰሽ ቆመሽ ጠብቂ፣ ቀኝ እግር ቤዙን ይንካ፣ ጓንትሽን ወደ ሜዳው ውስጥ ዘርግተሽ "እዚህ! እዚህ!" በይ። ባለ ሁለት ቀለም ቤዝ ከተተከለ ነጩ ያንቺ ነው፣ ባለ ቀለሙ የሯጯ። ተቀላቅላችሁ እንዳትጋጩ ነው የተሠራው።

ስርቆት

በሶፍትቦል ሯጭ ቤዝ የምትለቀው ኳሷ ከፒቸሯ እጅ ስትወጣ ብቻ ነው። ቀድማ ከለቀቀች አውት ናት። ብዙ ጊዜ ሾርትስቶፗ ቤዙን ትይዛለች፣ አንቺ ከኋላዋ አራት አምስት ሜትር ላይ ሆነሽ የሚያመልጠውን ትጠብቂያለሽ። ተራው ያንቺ ከሆነ ቤዙን በሁለት እግርሽ መሀል አድርጊ፣ ኳሷ ትምጣልሽ፣ ከያዝሽ በኋላ ጓንቱን ቤዙ ፊት መሬት ላይ አውርጂ። ሯጯ ራሷ እግሯን አምጥታ ጓንትሽ ላይ ታስቀምጣለች። ኳስ ሳትይዢ መንገዷን አትዝጊ፣ ዳኛው ቤዙን ይሰጣታል።

አንደኛና ሶስተኛ ላይ ሯጭ ካለ ተንኮሉ ይጨምራል። አንደኛዋ ትሰርቃለች፣ ካቸሯ ስትወረውር ሶስተኛዋ ወደ ሆም ትበራለች። ያኔ አንቺ ከቤዙ ፊት፣ ውርወራው በሚያልፍበት መስመር ላይ ትገቢያለሽ። ሶስተኛዋ ከሮጠች ኳሷን ቆርጠሽ ወደ ሆም መልሺ፣ ካልሮጠች ለሾርትስቶፗ አሳልፊላት። ሯጭ መሀል መንገድ ላይ ከተያዘች አባሮሽ ነው፤ ኳሷን በእጅሽ ከፍ አድርገሽ አሳይተሽ በሙሉ ፍጥነት ወደ መጣችበት ቤዝ ሩጪባት። አንድ ውርወራ ይበቃል። ሦስት አራት ከሆነ አንዱ ያመልጣል።

ወደ ሰማይ የወጣች ኳስ

ከጀርባሽ፣ ቀኝ ሜዳ ተጫዋቿ ፊት ለፊት የምትወድቅ ኳስ አደገኛ ናት። እኔ ራሴ በዚህ ከንፈሬ ተሰንጥቋል። ሁለታችንም ወደ ላይ እያየን ሮጥን፣ ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንባችን ይሄ ነው፦ "የኔ! የኔ! የኔ!" ሦስት ጊዜ፣ ሐይቁ ዳር ያለ ሰው እስኪሰማ። ከውጭ ወደ ውስጥ የምትሮጠው ልጅ ቅድሚያ አላት፣ ፊቷ ወደ ኳሷ ነውና። እሷ ከጮኸች አንቺ ዝቅ ብለሽ ውጪ።

ሁለት አውት ሳይሞላ አንደኛና ሁለተኛ ላይ ሯጮች ካሉ፣ ወይ ሦስቱም ቤዝ ከሞላ፣ ወደ ላይ ወጥታ አንዷ የውስጥ ሜዳ ተጫዋች በቀላሉ ልትይዛት የምትችል ኳስ ላይ ዳኛው መቺዋን አውት ይላል፣ ብትወድቅም። ደንቡ የወጣው ሆን ብለሽ ጥለሽ ደብል ፕሌይ እንዳትሠሪ ነው። ሯጮቹ ግን በራሳቸው ኃላፊነት መሮጥ ይችላሉ፣ ስለዚህ ብትጥያትም አንስተሽ ተመልከቺ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከጣና ወደ ከተማው ይነፍሳል። ልምምድ ስትጀምሩ ጥቂት ሣር ወደ ላይ በትኚና አቅጣጫውን እዪ፣ በየሩብ ሰዓቱም ድገሚው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነች፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ኳሷ ከገመትሻት ትንሽ ትርቃለች። መጀመሪያ እርምጃሽ ሁሌም ወደ ኋላ ይሁን። ወደ ፊት መመለስ ይቀላል።

ቅብብል

ኳሷ ወደ ቀኝ ሜዳ ጥልቅ ከሄደች አንቺ ወደ እሷ ትወጫለሽ፣ ሾርትስቶፗ ቤዙን ትይዛለች። ወደ ግራ ከሄደች ተቃራኒው ነው። ስትወጪ ሁለት እጅሽን አንሺ፣ ጩኺ፣ ከወርዋሪዋና ከመድረሻው ጋር በአንድ መስመር ቁሚ። ስትቀበይ ግማሽ ሰውነትሽ በጓንትሽ በኩል ቀድሞ ዞሮ ይጠብቅ። የት እንደምትወረውሪ የሚነግርሽ ከጀርባሽ ያለ ድምፅ ነው፣ ስለዚህ ካቸሯ መጮህ እንዳለባት ቀድማችሁ ተስማሙ።

ብቻሽን ስትሆኚ

ክረምት ሲገባ መረሬው ይጨቀያል፣ ሜዳው ለሳምንታት አይረገጥም። ያኔ ሥራሽ ቤት ነው። አሮጌ ነጠላ ጫማ ውሰጂ፣ ሶሉን ግራ መዳፍሽ ላይ በጨርቅ እሰሪ። አሁን ጓንትሽ ጠፍጣፋ ነው፣ ኳስ አይይዝም። ከግድግዳው አራት ሜትር ራቂ፣ የቴኒስ ኳስ ወይም ጠበቅ ተደርጎ የተሰፋ የጨርቅ ኳስ ወርውሪ፣ ስትመለስ በሶሉ አቁመሽ በቀኝ እጅሽ ክደኚያት። የጨርቋ ካልነጠረች እህትሽ መሬት ለመሬት ታንከባልልልሽ። በአንድ እጅ መያዝ ስለማይቻል ሁለተኛው እጅሽ ሳይወድ ይመጣል። ከዚያ "ቀኝ ግራ ያዝ፣ ቀኝ ግራ ወርውር"ን ጨምሪበት። ከዚያ በየውርወራው በፊት ሁኔታውን ተናገሪ፦ "ሁለት አውት፣ ሯጭ ሶስተኛ ላይ፣ አንደኛ እወረውራለሁ።" በየጊዜው ቀይሪው።

በተከታታይ 30 ሳትጥዪ ስትይዢ አንድ እርምጃ ወደ ግድግዳው ጠጋ በይ። ከጣልሽ ከአንድ ጀምሪ። ግድግዳው የጎረቤት ከሆነ አስፈቅጂ፣ ድምፁ ውስጥ ላለ ሰው ከባድ ነው።